ድንኳን ያልተጣለለት ሐዘን

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ከሂሳብ ሪፖርቱ በኋላ የቀረበ ንግግር

 

የሂሳቡን ሪፖርት አዳምጣችሁ ጨርሳችኋል። ቁጥር መስማት እንደሚያደክም አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቡናው እስኪፈላ ትንሽ ታገሱኝ። ሰብሳቢያችን “ስለ አእምሮ ጤና አንድ ሰው ይናገርልን” ሲሉ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ ሰባኪም አይደለሁም። በዲፕሎማ ተመርቄ በሂሳብ ሥራ የምተዳደር ሴት ነኝ። የማኅበሩን መዝገብ የምይዘው ግን እኔ ስለሆንኩ፣ ያየሁትን የመናገር ኃላፊነት አለብኝ ብዬ አስባለሁ።

ከመዝገቡ ልጀምር። አንዲት እህት በየሳምንቱ ቁጠባዋን ሳታጓድል ታስገባለች። ብድር ወስዳ በጊዜው ትመልሳለች። ከዚያ አንድ ሳምንት “ቀሪ” ተብሎ ይጻፍባታል። በሚቀጥለውም ሳምንት ቀሪ። በሦስተኛው ቅጣት ይመዘገባል። ቅጣቱ ይጠራቀማል፣ ብድሩ ይወዘፋል፣ ስትጠየቅ መልስ አትሰጥም። በመጨረሻ ቃለ ጉባኤው ላይ “በቸልተኝነት” የሚል ቃል ይገባና ትሰናበታለች። ከጦርነቱ ወዲህ እንዲህ ያለው ነገር በመዝገባችን በዝቷል።

የእነዚህን እህቶች በር ያንኳኩ ሰዎች ምን አገኙ? አንዷ በጠራራ ፀሐይ መስኮት ዘግታ ትተኛለች። አንዷ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ስለማይወስዳት ቀን የምታደርገውን አታውቅም። ሌላዋ ሰው የተሰበሰበበት ስትገባ ልቧ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ስለዚህ ስብሰባችን ራሱ ያስፈራታል። ስም አልጠራም። ማንም እንዳትታወቅ ነገሩን ቀያይሬ ነው የነገርኳችሁ።

በደንባችን አንዲት እህት ብትወልድ፣ ወባ ቢይዛት፣ እጇ ቢሰበር የሐኪም ወረቀት ስታመጣ ቅጣቱ ይነሳላታል፤ ከማኅበራዊ ፈንዱም ትረዳለች። ለአእምሮ ሕመም ግን አንድም መስመር የለንም። ዛሬ ይህን ለማስተካከል ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ነገሩን አብረን እንየው።

እኛ የወሎ ሰዎች ሐዘን መያዝ እናውቃለን። ሰው ሲሞት ዕድሩ ይነፋል፣ ቅሬው ይሰበሰባል፣ ድንኳን ይጣላል። ሐዘንተኛዋ ምግብ እንድታበስል፣ ውኃ እንድትቀዳ አትጠየቅም። ጎረቤት ንፍሮውን ይቀቅላል፣ ቡናውን ያፈላል፣ አብሯት ያድራል። እንድታለቅስ ይፈቀድላታል፤ እንዲያውም ካላለቀሰች እንሰጋላታለን። ከዚያ ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ተዝካር አለ። ክርስቲያን ሲሞት ሙስሊም ጎረቤቱ ይቀብራል፣ ሙስሊም ሲሞት ክርስቲያኑ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ሥርዓት ማንም መድኃኒት ብሎ ባይጠራውም መድኃኒት ነው። ሰውን ሰው መሀል ያቆየዋል፣ ቀን በቀን ወደ ሥራው ይመልሰዋል።

ድንኳን የማይጣልለት ሐዘን ሲመጣ ግን ምን እናደርጋለን? ልጇ ወጥቶ የቀረባት፣ ሞቷል እንዳትል ሬሳ የሌላት፣ አለ እንዳትል ድምፅ የሌላት እናት ድንኳን አትጥልም። ሱቋ ተዘርፎ የሠላሳ ዓመት ልፋቷን በአንድ ሌሊት ያጣች ሴት ለቅሶ አይደረስላትም። በጦርነቱ ጊዜ በሰውነቷ ላይ የደረሰባትን ለባሏ እንኳ መናገር ያልቻለች ሴት “እግዚአብሔር ያጽናሽ” የሚላት የለም። ምንም ሳይሆን፣ ማንም ሳይሞትባት፣ ልቧ ዝም ብሎ የከበዳት ሴት ደግሞ “ምን ጎደለሽ?” ትባላለች። እነዚህ ሁሉ ሐዘናቸውን በየቤታቸው ብቻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

ያለፍንበትን ታስታውሳላችሁ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ሲገባ ትምህርት ቤቶቻችን መጠለያ ሆኑ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ራሱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። እስከ ኅዳር 27 ቀን ድረስ ከአምስት ሳምንት በላይ ሁለቱ ከተሞች ያዩትን እናንተ ታውቁታላችሁ። ግማሻችን በእግራችን ወጣን፣ ግማሻችን በር ዘግተን ቀረን። በዚያው ሰሞን የኮምቦልቻ የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘኖች ተዘርፈው በሁለቱ ከተሞች የምግብ እርዳታ ማደሉ ቆሞ ነበር። ሆስፒታሎቻችንም አልተረፉም፤ አልጋው፣ መሣሪያው፣ መድኃኒቱ ሄዷል። በእነዚያ ሳምንታት የሞቱ ሰዎች ብዙዎቹ ያለ ለቅሶ ተቀበሩ። ሰው ተሰብስቦ የሚያለቅስበት ጊዜ አልነበረም። ከዚያም ወዲህ ክልላችን ሙሉ ሰላም አላገኘም፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ ተኩስ በተሰማ ቁጥር፣ ያ ጊዜ በልባችን ይመለሳል።

እናቶቻችንን ደግሞ ተመልከቱ። የ66ቱን ረሃብ በልጅነታቸው፣ የ77ቱን እናት ሆነው ያሳለፉ እዚህ መሀላችን ተቀምጠዋል። እነርሱ ልጅ ቀብረው በማግሥቱ መንገድ የቀጠሉ ናቸው። “እኛ ምን ያላየን አለ?” ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ያዩትን ማን አብሯቸው አለቀሰ?

የዓለም ጤና ድርጅት ጥናቶችን አሰባስቦ በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ግምት፣ ጦርነት ካለፈባቸው አካባቢዎች ሰዎች ውስጥ ከአምስቱ አንዱ ያህል በማንኛውም ወቅት የአእምሮ ሕመም ይኖርበታል። አብዛኛው ቀላል ወይም መካከለኛ ነው፤ ድባቴ፣ ጭንቀትና ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚመጣ የልብ መረበሽ። ሂሳቡን ሥሩት። ሃያ እህቶች ባሉበት አንድ የቁጠባ ቡድን ውስጥ ይህ አራት ሴት ማለት ነው። የራሳችንን ቆጥረን አናውቅም፤ ግን አራት ባዶ ወንበር ስናይ ዝም ብለን ቅጣት መጻፍ የለብንም።

አሁን ድባቴ የሚባለውን ላስረዳ። ያናደደን ወይም ያስከፋን ነገር ሲያልፍ አብሮ የሚያልፍ ሐዘን ሕመም አይደለም። ድባቴ ሲሆን ሐዘኑ፣ ወይም ቀድሞ ደስ የሚለንን ነገር ሁሉ መጥላቱ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ይቀጥላል። እንቅልፍ ይጠፋል ወይም ይበዛል። ምግብ ይጠላል። ጉልበት ያልቃል፤ ጸጉርን ማበጠር እንኳ ተራራ ይሆናል። ሐሳብ አይሰበሰብም። “እኔ ለምንም አልጠቅምም” የሚል ነገር በውስጥ ይመላለሳል። እኛ ሴቶች ደግሞ ይህን ሁሉ በሰውነታችን ነው የምንናገረው። “ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ይዘጋኛል፣ ሰውነቴን ይቆራርጠኛል፣ ሆዴ ባር ባር ይላል” እንላለን። ጨጓራ ነው እየተባልን ስንት ጊዜ መድኃኒት እንገዛለን! በእርግጥ ጨጓራ ሊሆንም ይችላል፤ ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ ሲቀጥል ግን ስለ እንቅልፋችንና ስለ ሐሳባችንም ለሐኪሙ እንንገረው።

ከድባቴ የከበደም አለ። ሌላው ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ሰው ሁሉ ሊገድለኝ ነው ማለት፣ ንግግር መዘባረቅ። ይህንን “አበደች” ብለን እንዘጋዋለን። በቡታጅራ አካባቢ ተመራማሪዎች ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለአሥር ዓመት ተከታትለው ነበር። እነዚያ ሕሙማን ከቀረው ሕዝብ በእጥፍ ያህል ይሞቱ እንደነበር አዩ። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው፤ ማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊያክመው የሚችለው ዓይነት። “እብድ ናት” ከተባለች በኋላ ሳሏንና ትኩሳቷን ማን ያይላታል?

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ስለዚህ የራሴን ቤት ልናገር። ሙስሊም እህቶቼ በእናንተም ዘንድ የሚመሳሰለውን ታውቁታላችሁ፤ የእናንተን ግን እናንተ ብትናገሩት ይሻላል።

በክርስቲያን ቤት አንዲት ሴት “ጨነቀኝ” ስትል መጀመሪያ የምትሰማው “ጸልዪ” ነው። ጥሩ ምክር ነው። ሁለተኛው “እምነትሽ ቢጎድል ነው” የሚል ነው። ይህ ምክር አይደለም፤ በቁስል ላይ በርበሬ ነው። ሦስተኛው “ንስሐ ያልገባሽበት ኃጢአት አለ”፣ አራተኛው “መተት ነው፣ ቡዳ ነው፣ ዛር ነው”። በወንጌል አማኞች ዘንድም “ተፈውሻለሁ ብለሽ እወጂ፣ መድኃኒቱን ከቀጠልሽ አላመንሽም ማለት ነው” የተባለች እህት አለች። እኛ ወሎዎች ደግሞ “አብሽሪ” የምትል ውብ ቃል አለችን። አብሽሪ ብሎ አብሮ መቀመጥ አንድ ነገር ነው። አብሽሪ ብሎ መንገድ መቀጠል ሌላ ነው፤ እሷ “ከእንግዲህ አትንገሪኝ” ማለታችን ይመስላታል።

በዚህ ምክንያት ሴቲቱ ሁለት ሸክም ትሸከማለች። አንደኛው ሕመሙ ነው። ሁለተኛው “እግዚአብሔር ትቶኛል፣ እኔም ክፉ ሰው ነኝ” የሚለው ነው። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያንም ትቀራለች፣ ከማኅበሩም ትቀራለች፣ የጽዋ ተራዋንም ለሌላ ታስተላልፋለች። መቅረቷን ያየ ደግሞ “ይኸው እምነቷ ቀዝቅዟል” ይላል።

መጽሐፍ ቅዱሳችን ግን እንዲህ አይደለም የሚያስተምረን። ኤልያስን ተመልከቱ። በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ነው፤ እምነት ጎድሎታል የሚለው የለም። ወዲያው ግን ኤልዛቤል ስትዝትበት ምድረ በዳ ወጥቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና ነፍሱ እንድትወሰድለት ለመነ። ያን ጊዜ የመጣለት መልአክ አልገሠጸውም፣ ኃጢአቱንም አልቆጠረበትም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። እንደገና ቀስቅሶ አበላው። ረጅሙ መንገድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ እንቅልፍና ምግብ፣ ቀጥሎ ጉዞ። የለቅሶ ቤታችን ሥርዓት ይኸው አይደለም?

ሐናንም አስቡ። ልጅ በማጣት ልቧ ተሰብሮ በቤተ መቅደስ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስትጸልይ፣ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። ካህን ሆኖ ሳለ የሴቲቱን ሕመም ሌላ ነገር አድርጎ አየው። ነገር ግን ስትነግረው ሰማት፣ ቃሉን ለወጠ፣ ባረካት። ከዚያ በኋላ ሄዳ እንደበላች፣ ፊቷም እንደተለወጠ ተጽፏል። ለእኔ ከዚህ ታሪክ የሚበልጠው የካህኑ መስማት ነው። የንስሐ አባቶቻችን ብዙ ምሥጢር ይሰማሉ፤ “ልጄ፣ ይህ ሕመም ነው፣ ሐኪምም ይይሽ” የሚል አንድ ቃል ከእነርሱ ቢወጣ ከእኔ መቶ ንግግር ይበልጣል።

በቤተ ክርስቲያናችን ከሚነበቡት መጻሕፍት መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ስለ ሐኪም ይናገራል። ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እርሱ መሆኑን፣ አስተዋይ ሰው እንደማይንቀው ያስተምራል። ስትታመም ጸልይ፣ ለሐኪምም ቦታ ስጥ ይላል ትርጉሙ። እቤት ስትገቡ አንብቡት፤ ማንበብ የማትችሉ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ።

አሁን ወደ ጠበሉ ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ እሱን እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። ጠበል አትሂዱ ልል አልመጣሁም። እኔም እጠመቃለሁ። በመስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚወጣው ሕዝብ ስንት ዓይነት ጭንቅ በልቡ ይዞ እንደሚወጣ እግዚአብሔር ያውቃል። ጠበል ቦታ ብዙ ጊዜ ሌላ የሚቀበለው ያጣ ሕመምተኛ የሚጠጋበት ነው። ክፋቱ የሚመጣው አንዱ ሌላውን እንዲተው ሲያዝ ነው። መድኃኒቱን ጥላ ጠበል የገባች እህት ስታገረሽ በሰንሰለት ትታሰራለች፤ ቁስሏ ይመረቅዛል፤ ቤተሰቧ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል።

ይህ ጥያቄ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ኤች አይ ቪ በበረታበት ዘመን እንጦጦ ማርያም ጠበል ላይ ብዙ ሕሙማን መድኃኒታቸውን አቋርጠው ይጠመቁ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በአደባባይ ወጥተው ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን፣ ሁለቱም አብረው እንደሚሄዱ ተናገሩ። ብዙ ሕይወት ያተረፈ ቃል ነው ብዬ አምናለሁ። ለኤች አይ ቪ የሠራው ቃል ለድባቴ፣ ለጭንቀትና ለሚጥል በሽታ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ስለ መድኃኒቱ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ እህቶች የሚያቋርጡት ባለማወቅ ነው። የድባቴ መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ኪኒን በአንድ ሰዓት አይሠራም። ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን አፍ ሊያደርቅ፣ እንቅልፍ ሊያበዛ ወይም ሆድ ሊያውክ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ሰው ጥቅሙን ሳያይ ጉዳቱን አይቶ ይተዋል። ተሻለኝ ብሎም ወዲያው ማቆም አይገባም፤ ሐኪሙ ለወራት እንድትቀጥሉ ያዛል፣ ሲቆምም ቀስ በቀስ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ደግሞ በድንገት ቢቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል።

ጾሙስ? በሁዳዴና በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም እህት የጠዋቱን ኪኒን ትዘላለች። ለሐኪሙ “እጾማለሁ” ብላ ብትነግረው ብዙው መድኃኒት ማታ እንዲወሰድ ሊስተካከል ይችላል። የማይቻል ከሆነ ደግሞ የንስሐ አባቷን ታማክር፤ ለሕመምተኛ ጾምን ማቅለል በቤተ ክርስቲያናችን የታወቀ ነው። ሙስሊም እህቶቼም በረመዳን እንዲሁ ሐኪማችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዝም ብሎ ከመዝለል መጠየቅ ይሻላል።

መድኃኒት ብቻም አይደለም ሕክምናው። ተቀምጦ መነጋገር፣ ያስቀሩትን ሥራ በትንሽ በትንሹ መጀመር፣ በእግር መሄድ፣ ከሰው መገናኘት፣ እነዚህ ራሳቸው ሐኪሞች የሚያዙት ነው። ቀላል ድባቴ ያለ ኪኒን በዚህ ሊሻል ይችላል። የእኛ የሳምንት ስብሰባ ከዚህ ውስጥ ግማሹን ይሰጣል፤ እኛ ግን የታመመችውን ቀጥተን እናስወጣታለን።

የት ይኬዳል ለምትሉ፦ መጀመሪያ በቅርባችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ። ደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። የኮምቦልቻ እህቶች በሐረጎ መንገድ ሚኒባስ ይዛችሁ በአንድ ጠዋት ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። የጤና መድን ያላችሁ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሂዱና ምን እንደሚሸፍንላችሁ ጠይቁ። ይህን ቀላል አድርገን አንየው። ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። እናቶቻችን ታመው መሄጃ አልነበራቸውም። እኛ አለን።

አንድ ከባድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ድባቴ ሲበረታ ሰው መሞትን ይመኛል። “ምነው በተኛሁበት በቀረሁ”፣ “ልጆቼ ያለ እኔ ይሻላቸዋል” የሚል ቃል ከእህታችሁ አፍ ከሰማችሁ “እንዲህ አይባልም፣ ኃጢአት ነው” ብላችሁ አፏን አትዝጉ። በቀጥታ ጠይቋት፦ “ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?” መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርም፤ ብዙ ጊዜ ይቀልላታል። አዎ ካለች ብቻዋን አትተዉአት። የተባይ መድኃኒትና በቤት ያለ ኪኒን ከእጇ ይራቅ። በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይዛችኋት ሂዱ። ለሰው አታውሩባት።

አሁን ወደ ሥራዬ ልመለስና የማሻሻያ ሐሳቡን ላቅርብ። አራት ነው።

አንደኛ፣ በደንባችን “ሕመም” በሚለው ቃል ውስጥ የአእምሮ ሕመም በግልጽ ይጻፍ። የሐኪም ወረቀት ያመጣች እህት ቅጣቱ ይነሳላት፣ ብድሯም በስምምነት ይራዘምላት፣ ከማኅበራዊ ፈንዱም እንደማንኛዋም ሕመምተኛ ትረዳ።

ሁለተኛ፣ አንዲት እህት ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከቀረች፣ ቅጣት ከመጻፉ በፊት ሁለት እህቶች ቡናና ስኳር ይዘው ቤቷ ይሂዱ። ለምን ቀረሽ ብለው አይመርምሯት። ቡናውን እነርሱ ያፍሉ፣ እሷ ትቀመጥ፤ ለቅሶ ቤት እንደምናደርገው። የተባለውን ለመዝገብ ያዥዋ እንኳ መንገር የለባቸውም። ለእኔ “ታማለች” ካሉኝ ይበቃኛል፤ በመዝገቡ ላይ “ሕመም” ብዬ ብቻ እጽፋለሁ፣ የምን ሕመም እንደሆነ አልጽፍም።

ሦስተኛ፣ ለክትትል ወደ ሐኪም የምትመላለስ እህት የመጓጓዣዋ ወጪ ከፈንዱ ይሸፈን። ከሩቅ ሰፈርና ከኮምቦልቻ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ቀጠሯቸውን የሚያቋርጡት ለታክሲ አጥተው ነው።

አራተኛ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያ፣ አንድ ካህን፣ አንድ የወንጌል አገልጋይና አንድ ሼህ አብረን ጋብዘን እንስማ። አንድ መድረክ ላይ ተቀምጠው “ጸልዩም፣ ታከሙም” ሲሉ ሴቶቻችን ቢያዩ፣ ከዚያ በኋላ መድኃኒቷን የምትደብቅ አትኖርም ባልልም፣ ትቀንሳለች።

“ወጪውስ?” የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን የምጠይቀው እሱን ነው። ከቅጣት የምናገኘው ገቢ በሪፖርቱ እንዳያችሁት ከጠቅላላ ገቢያችን ትንሿ መስመር ናት። ታማ የወጣች እህት የምትተወው ያልተከፈለ ብድር ግን ከእሷ ቅጣት በብዙ ይበልጣል። ታክማ የተመለሰች እህት ብድሯን ትከፍላለች፣ ቁጠባዋን ትቀጥላለች። በሂሳብም ቢሆን እህትን ማስታመም ከማሰናበት ይረክሳል። ይህን የምለው ልባችሁን ለማሳመን አይደለም፤ እሱ ቀድሞም እንደራራ አውቃለሁ። የገንዘብ ያዧን ልብ ለማሳመን ነው፤ እሷም እየሳቀች ነው።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ስላደረጋችሁልን ሁሉ እናመሰግናለን። ቅጾቻችሁ ስንት ሴት ብድር እንደወሰደች፣ ስንት በግ እንደተገዛ ይጠይቁናል፤ እኛም በትክክል እንመልሳለን። በሚቀጥለው ቅጽ ላይ “ስንት እህት ታማ ወደ ቡድኗ ተመለሰች?” የሚል አንድ ጥያቄ ጨምሩልን። ለዚህ ሕንፃ አንጠይቅም። የሚኒባስ ዋጋ፣ የመድኃኒት ዋጋና ለቡድን መሪዎች የጥቂት ቀን ሥልጠና ይበቃል።

እናንተ ደግሞ በቤታችሁ ብቻችሁን ይዛችሁት የተቀመጣችሁ እህቶች፣ ከመሀላችሁ ዛሬ እዚህ ለመምጣት ሦስት ቀን ራሷን ስትለምን የከረመች እንዳለች አውቃለሁ። መምጣትሽ ትልቅ ነገር ነው። እግዚአብሔር አልተወሽም፤ ሕመምሽም የእምነትሽ መለኪያ አይደለም። ከስብሰባው በኋላ ማናገር ከፈለግሽ እኔ መዝገቡን ለመዝጋት ስለምቆይ እዚሁ ነኝ፤ ሰው ካየሽ ለቁጠባ ጉዳይ ነው ትያለሽ።

እነዚህ አራት ነጥቦች በጽሑፍ ቀርበዋል፤ ማንበብ ለማትችሉ ጸሐፊያችን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ደግማ ታነብላችኋለች። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፣ የማትስማሙ ተቃወሙ። የምትስማሙ ግን እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አሳዩኝ፤ እኔ መቁጠር ሥራዬ ነው።